ዶሜይን ስምን በዲኤንኤስ ሰርቨር ላይ በትክክል ማዋቀር፦ ከዞን ፋይል እስከ ውክልና

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶሜይን ገዝቻለሁ፤ የሰርቨሬን አይፒ አስገብቻለሁ፤ ገጹ ግን አይከፈትም። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አንዳንዱ ደግሞ «እኔ ጋ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ጋ አይሠራም» ይላል። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ በሚቀይረው ሥርዓት) ውስጥ፣ ከሁለት ቦታ በአንዱ ይገኛል። አንዱ በራሳችሁ ኔም ሰርቨር (ስለ ዶሜይኑ የሚጠየቀውን በሚመልሰው ሰርቨር) ላይ ያለው ዞን፣ ማለትም የዶሜይኑ ስሞችና አድራሻዎች መዝገብ ነው። ሌላው ከእናንተ በላይ ያለው ዞን፣ ለምሳሌ «.ኮም»፣ «የዚህ ዶሜይን መልስ እነዚህ ሰርቨሮች ጋ አለ» ብሎ የሚጠቁምበት ውክልና ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ዶሜይኑ ወይ ጭራሽ አይሠራም፣ ወይ አንዴ እየሠራ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዞኑን ለብቻው አዘጋጅታችሁ ፈትሹ፤ ውክልናውን የምታስገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ የብዙ ራስ ምታት መነሻ ነው።

እዚህ የምጠቀምበት ሰርቨር ሊኑክስ ላይ የተጫነ ባይንድ 9 የተባለ የኔም ሰርቨር ፕሮግራም ነው። ዞናችሁን በአገልግሎት ሰጪ ድረ ገጽ ላይ ቅጽ እየሞላችሁ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደረጃ 2፣ 3፣ 6 እና 8ን ዝለሏቸው፤ የሬኮርዶቹ (በዞኑ ውስጥ ያሉት መስመሮች) ሕግ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ትዕዛዞችንና የሬኮርድ ስሞችን እንደ አነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል ነው። ዶሜይኑ ራሱ በግዕዝ ፊደል የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ዞን ፋይል ውስጥ የሚገባው ሬጅስትራሩ (ዶሜይኑን የመዘገበላችሁ ድርጅት) የሚያሳያችሁ፣ በ«ኤክስኤን» እና በሁለት ሰረዝ የሚጀምረው የተለወጠ ቅርጽ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈ ዶሜይን፣ እና ወደ ሬጅስትራሩ አካውንት መግቢያ። ዶሜይኑን የገዛላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ መግቢያውን አሁኑኑ ተቀበሉ፤ ያለሱ ደረጃ 9 ላይ ትቆማላችሁ።
- የማይቀየር አይፒ ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች፣ የሚቻል ከሆነ በተለያየ ኔትወርክ ላይ።
- ሁለቱም ላይ ባይንድ 9፣ እንዲሁም የአስተዳዳሪ ሥልጣን።
- ፖርት 53 በዩዲፒም በቲሲፒም የተከፈተ ፋየርዎል።
- «ዲግ» የተባለው መጠየቂያ ፕሮግራም፣ ከሰርቨሮቹ ውጭ ባለ ኮምፒውተር ላይ። ብራውዘር የዲኤንኤስ መፈተሻ አይደለም፤ የራሱ ካሽ (የቀድሞ መልሶች ጊዜያዊ ማከማቻ) ስላለው ያሳስታችኋል።
- ትክክለኛ ሰዓት። ሰርቨሩ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲያስተካክል አድርጉ፤ ሰዓቱ የተዛባ ሰርቨር በቁልፍ የተፈረመ የዞን ዝውውር (ዞኑን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው መቅዳት) አይቀበልም።

በምሳሌው ዶሜይኑ «ምሳሌ.ኮም»፣ የመጀመሪያው ኔም ሰርቨር «ኤንኤስ1» በ203.0.113.53፣ ሁለተኛው «ኤንኤስ2» በ198.51.100.53፣ ድረ ገጹ በ203.0.113.10፣ የኢሜይል ሰርቨሩ በ203.0.113.20 ነው። እነዚህ አድራሻዎች ለሰነድ ምሳሌ ብቻ የተከለሉ ስለሆኑ በራሳችሁ ተኳቸው።

ደረጃ 1፦ ስሞቹን በሠንጠረዥ አስፍሩ

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ስም፣ ዓይነት፣ ዋጋ። ዋናው ዶሜይን ወዴት ይጠቁማል? «ደብሊው ደብሊው ደብሊው»ስ? ኢሜይል የሚቀበለው የትኛው ሰርቨር ነው? ዶሜይኑ አሁን ሌላ ቦታ እየሠራ ከሆነ ያሉትን ሬኮርዶች በሙሉ ገልብጡ። በተለይ የቲኤክስቲ ሬኮርዶችን (ጽሑፍ የሚይዙትን) አትርሱ። ዶሜይን ሲዛወር የሚረሱት እነሱ ናቸው፤ ጉዳታቸውም የሚታየው ቆይቶ፣ የላካችሁት ኢሜይል አላስፈላጊ መልእክት ተብሎ መጣል ሲጀምር ነው።

ደረጃ 2፦ ሰርቨሩን ለአንድ ሥራ ብቻ አዘጋጁ

ኔም ሰርቨር ሁለት የተለያየ ሥራ ሊሠራ ይችላል። የራሱን ዞን በሥልጣን ይመልሳል፤ ወይም ለተጠቃሚዎች ሌሎች ዶሜይኖችን ፈልጎ ያመጣል፤ ይህኛው ሪዞልቨር ይባላል። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ሰርቨራችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ይሥራ። በ«ኦፕሽንስ» ክፍል ውስጥ «ሪከርሽን ኖ» እና «አላው-ትራንስፈር ነን» ብላችሁ ጻፉ።

ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ለማንም ፈልጎ የሚመልስ ሰርቨር ለጥቃት መሣሪያ ይሆናል፦ አጥቂው የተጠቂውን አይፒ የራሱ አስመስሎ ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨራችሁ ደግሞ ከጥያቄው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መልስ ወደ ተጠቂው ያጎርፋል። የዞን ዝውውር ክፍት ከሆነም ማንኛውም ሰው የስሞቻችሁን ዝርዝር በአንድ ትዕዛዝ ይወስዳል።

ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒን ብቻ ከፍቶ ቲሲፒን መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው። ትልቅ መልስ በዩዲፒ አልበቃ ሲል ሰርቨሩ «ተቆርጧል» የሚል ምልክት ይልካል፤ ጠያቂውም በቲሲፒ ይመለሳል። ቲሲፒ ተዘግቶ ከሆነ ትንንሾቹ ሬኮርዶች እየሠሩ ረጃጅሞቹ ብቻ ይጠፋሉ። የዞን ዝውውርም የሚሄደው በቲሲፒ ነው።

ደረጃ 3፦ ዞኑን አስተዋውቁ

በደቢያንና በኡቡንቱ «/ኢቲሲ/ባይንድ/» ውስጥ ያለውን «ኔምድ.ኮንፍ.ሎካል» ክፈቱ። እዚያ ሦስት ነገር ትነግሩታላችሁ፦ የዞኑ ስም «ምሳሌ.ኮም»፣ ዓይነቱ «ፕራይመሪ»፣ ፋይሉ የሚገኝበት ሙሉ መንገድ። በባይንድ የቆዩ ስሪቶች ላይ «ፕራይመሪ» በሚለው ፈንታ «ማስተር» ነው የሚጻፈው።

እያንዳንዱ መግለጫ በነጠላ ሰረዝና ነጥብ ምልክት (;) ይዘጋል። አንዷ ከጎደለች የማዋቀሪያ ፋይሉ አይነበብም። ስለዚህ ሰርቨሩን ከማስነሳታችሁ በፊት «ኔምድ-ቼክኮንፍ» የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱ። ምንም ሳይናገር ከተመለሰ ደህና ነው፤ ችግር ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል።

ደረጃ 4፦ የዞኑን ራስ ጻፉ

ዞን ፋይሉ በ«$ቲቲኤል 3600» ይጀምራል። ቲቲኤል አንድ መልስ በሌሎች ካሽ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንዲቆይ የምትፈቅዱበት ቁጥር ነው። 3600 አንድ ሰዓት ነው፤ ለአብዛኛው ሥራ ተስማሚ ነው።

ቀጥሎ ስለ ዞኑ ራሱ የሚገልጸው የኤስኦኤ ሬኮርድ ይመጣል። የመጀመሪያው ዋጋ የዋናው ኔም ሰርቨር ስም ነው። ሁለተኛው የአስተዳዳሪው ኢሜይል ሲሆን በ@ ቦታ ነጥብ ይገባል፦ «አድሚን@ምሳሌ.ኮም» የሚለው «አድሚን.ምሳሌ.ኮም.» ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ በቅንፍ ውስጥ አምስት ቁጥሮች በዚህ ቅደም ተከተል ይሰፍራሉ፦

- ተከታታይ ቁጥር፦ 2025031001። ዓመት፣ ወር፣ ቀን እና የዕለቱ ለውጥ ተራ ቁጥር ነው።
- ማደሻ፦ 3600። ሁለተኛው ሰርቨር በየስንት ጊዜው ለውጥ እንዳለ እንደሚጠይቅ።
- መልሶ መሞከሪያ፦ 900። ዋናው ካልመለሰ መቼ እንደገና እንደሚሞክር።
- ማብቂያ፦ 1209600፣ ማለትም 14 ቀን። ዋናው ሰርቨር ይህን ያህል ጊዜ ከጠፋ ሁለተኛው ስለዞኑ መመለስ ያቆማል። ይህን ቁጥር አታሳንሱት። አንድ ቀን ካደረጋችሁት ዋናው ሰርቨር ቅዳሜ ጠዋት ቢወድቅ እሑድ ዶሜይኑ በሙሉ ይጠፋል።
- የ«የለም» መልስ ዕድሜ፦ 600። የሌለ ስም ሲጠየቅ «የለም» የሚለው መልስ ራሱ በካሽ ይያዛል፤ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚወስነው ይህ ነው።

የመጨረሻው ቁጥር በተግባር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሰዎች ሬኮርዱን ከመፍጠራቸው በፊት ስሙን ብራውዘር ላይ ይሞክሩታል፤ «የለም» የሚለው መልስ ሪዞልቨሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ሬኮርዱን ቢጨምሩም ለእነሱ አይታይም። ቁጥሩም የኤስኦኤው ቲቲኤልም 86400 ከሆኑ እስከ አንድ ቀን ሊጠብቁ ይችላሉ። መጀመሪያ ፍጠሩ፣ ከዚያ ሞክሩ።

ከኤስኦኤ በታች ኔም ሰርቨሮቹን የሚጠቅሱትን ሁለቱን የኤንኤስ ሬኮርዶች፣ ከዚያም የአድራሻቸውን ኤ ሬኮርዶች አስገቡ፦

@ ኤንኤስ ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም.
@ ኤንኤስ ኤንኤስ2.ምሳሌ.ኮም.
ኤንኤስ1 ኤ 203.0.113.53
ኤንኤስ2 ኤ 198.51.100.53

የ@ ምልክት «ዶሜይኑ ራሱ» ማለት ነው። አሁን የስሞቹን መጨረሻ አስተውሉ። በቀኝ በኩል ያሉት በነጥብ ያልቃሉ፤ በግራ ያሉት አያልቁም። ነጥብ ያለው ስም ሙሉ ነው፤ ነጥብ የሌለው ስም ላይ ባይንድ የዞኑን ስም ይቀጥልበታል። «ኤንኤስ1» ያለ ነጥብ ሲጻፍ «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም.» ይሆናል፤ የፈለጋችሁትም ይህንኑ ነው። «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም» ብላችሁ ነጥቡን ከረሳችሁ ግን «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም.ምሳሌ.ኮም.» የሚባል የሌለ ስም ይወጣል። በዞን ፋይል ውስጥ ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርስ ሌላ ትንሽ ምልክት የለም።

ባዶ ቦታም እንዲሁ ትርጉም አለው። በባዶ ቦታ የሚጀምር መስመር የላይኛውን መስመር ስም ይወርሳል። ከሌላ ቦታ ስትገለብጡ በስሙ ፊት አንዲት ባዶ ቦታ ሾልካ ከገባች መስመሩ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ፋይሉም ላይነበብ ይችላል።

ደረጃ 5፦ የአገልግሎት ሬኮርዶችን ጨምሩ

ድረ ገጹ፦

@ ኤ 203.0.113.10
ደብሊው ደብሊው ደብሊው ሲኔም ምሳሌ.ኮም.

ሲኔም «የዚህ ስም ትክክለኛ ስሙ ያኛው ነው» ይላል። ስለዚህ ሲኔም ያለበት ስም ላይ ሌላ ሬኮርድ አይቀመጥም። ዋናው ዶሜይን ላይ ደግሞ ኤስኦኤና ኤንኤስ የግድ ስላሉ ሲኔም ፈጽሞ አይገባም። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች ይህን ለማለፍ «ኤሊያስ» የሚባል የራሳቸውን ዘዴ ያቀርባሉ፤ እሱ የእነሱ ሰርቨር ሥራ ነው፣ ባይንድ ላይ አትጻፉት።

አይፒ ስሪት 6 ካላችሁ ባለ አራት ኤ ሬኮርድ ጨምሩ፤ ነገር ግን የዌብ ሰርቨሩ በዚያ አድራሻ መመለሱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ። አለዚያ አይፒ ስሪት 6 ያላቸው ጎብኚዎች መጀመሪያ የማይመልሰውን በር ያንኳኳሉ። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ኢሜይል፦

@ ኤምኤክስ 10 ሜይል.ምሳሌ.ኮም.
ሜይል ኤ 203.0.113.20

የኤምኤክስ ዋጋ ስም ነው፤ አይፒ አይጻፍበትም፣ ወደ ሲኔምም አይጠቁምም። ቁጥሩ ቅድሚያ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይሞከራል።

ኢሜይል ከላካችሁ ኤስፒኤፍ የሚባለውን የቲኤክስቲ ሬኮርድ አስገቡ፦ «ቪ=ኤስፒኤፍ1 ኤምኤክስ -ኦል»። ትርጉሙ «በዚህ ዶሜይን ስም ኢሜይል የሚልኩት የኤምኤክስ ሰርቨሮቼ ብቻ ናቸው» ነው። ለአንድ ስም አንድ የኤስፒኤፍ ሬኮርድ ብቻ ይፈቀዳል። ሌላ የመላኪያ አገልግሎት ስትጨምሩ ያለውን መስመር አስፉት፤ ሁለተኛ መስመር ከጻፋችሁ ተቀባዩ ሁለቱንም እንደ ስህተት ያያቸዋል። መስመሩን ስታሰፉም ለተጨማሪ የዲኤንኤስ ፍለጋ ያለው ገደብ 10 መሆኑን አስቡ።

ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉት የኢሜይል ማረጋገጫዎችም ቲኤክስቲ ናቸው፤ ውስጣቸው የ(;) ምልክት አለ። ዞን ፋይል ውስጥ ይህ ምልክት «ከዚህ በኋላ ያለው ማስታወሻ ነው፣ አታንብበው» ማለት ስለሆነ ዋጋውን በሙሉ በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት። የዲኪም ቁልፍ ከ255 ባይት ካለፈ በአንድ ጥቅስ ውስጥ አይገባም፤ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ እያንዳንዱን በየራሱ ጥቅስ አስቀምጡ። ተቀባዩ ክፍት ቦታ ሳይጨምር ያጋጥማቸዋል።

ደረጃ 6፦ ፋይሉን ፈትሹና ጫኑ

«ኔምድ-ቼክዞን ምሳሌ.ኮም» ብላችሁ የፋይሉን መንገድ አስከትሉ። ተከታታይ ቁጥሩን አሳይቶ «ኦኬ» ካለ፣ ዞኑ አዲስ ከሆነ «አርኤንዲሲ ሪኮንፊግ»፣ ቀድሞ የተጫነ ከሆነ «አርኤንዲሲ ሪሎድ ምሳሌ.ኮም» አስኪዱ። የኤንኤስ ወይም የኤምኤክስ ስም አድራሻ የለውም ካለ ወዲያው የስሞቹን መጨረሻ ነጥብ ተመልከቱ።

ሰርቨሩን በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት አያስፈልግም። ፋይሉ ስህተት ቢኖረው «ሪሎድ» የቀድሞውን ዞን እንደያዘ ይቀጥላል፤ አጥፍታችሁ ካስነሳችሁት ግን ዞኑ ጭራሽ አይጫንም።

ደረጃ 7፦ ሰርቨሩን ፊት ለፊት ጠይቁ

ገና ውክልና ስላልገባ በስሙ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። በአይፒው ጠይቁት፣ ከውጭ ኮምፒውተር፦

ዲግ @203.0.113.53 ምሳሌ.ኮም ኤስኦኤ +ኖሪከርስ

ሦስት ነገር ፈልጉ። ሁኔታው «ኖኤረር» ይሁን። በምልክቶቹ መስመር ላይ «ኤኤ» ይኑር፤ «በሥልጣን የተሰጠ መልስ» ማለት ነው። ተከታታይ ቁጥሩ አሁን የጻፋችሁት ይሁን። «ኤኤ» ከሌለ ሰርቨሩ ዞኑን አልጫነም ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ቀጥሎ ይህንኑ ጥያቄ «+ቲሲፒ» ጨምራችሁ ድገሙት። በዚህ ብቻ ዝም ካለ ችግሩ ፋየርዎል ነው።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛውን ሰርቨር አስከትሉ

በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ለዚህ ዞን ብቻ «አላው-ትራንስፈር» ውስጥ 198.51.100.53ን ፍቀዱ። ከዚህ የሚሻለው በ«ቲሲግ-ኪጄን» የጋራ ቁልፍ ፈጥሮ ዝውውሩን በቁልፍ መፍቀድ ነው። በሁለተኛው ላይ ያንኑ ዞን «ሴኮንደሪ» ብላችሁ አስተዋውቁና የዋናውን አይፒ ስጡት። ፋይሉን «/ቫር/ካሽ/ባይንድ/» ውስጥ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። በኡቡንቱ «አፕአርመር» የተባለው ጥበቃ ባይንድ «/ኢቲሲ/ባይንድ/» ውስጥ እንዳይጽፍ ይከለክለዋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የፋይል ፈቃድ ሲቀያይር ይውላል።

የተዛወረውን ፋይል ከፍታችሁ የማይነበብ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ ባይንድ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ዞኑን በራሱ የማሽን ቅርጽ ያስቀምጠዋል። በደረጃ 7 ያለውን ጥያቄ ለ198.51.100.53 ድገሙና የሁለቱ ተከታታይ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ ውክልናውን ሬጅስትራሩ ጋ አስገቡ

አሁን ሁለቱ ሰርቨሮች በትክክል ስለሚመልሱ የበላዩን ዞን ወደ እነሱ ማዞር ይቻላል። በሬጅስትራሩ ገጽ ላይ ኔም ሰርቨሮቹን ቀይሩ፦ በዞናችሁ የኤንኤስ ሬኮርድ ውስጥ ያሉትን እነዚያኑ ስሞች፣ አንድም ሳትጨምሩ፣ አንድም ሳትቀንሱ።

በምሳሌያችን ኔም ሰርቨሮቹ በዚያው ዶሜይን ውስጥ ናቸው። ይህ አዙሪት ይፈጥራል፦ የ«ምሳሌ.ኮም»ን መልስ ለማግኘት «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም» የት እንዳለ ማወቅ ይጠይቃል፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ «ምሳሌ.ኮም»ን መጠየቅ። አዙሪቱን የሚሰብረው ግሉ ሬኮርድ ነው፤ የበላዩ ዞን ከስሙ ጋር አይፒውንም አብሮ ይሰጣል። በሬጅስትራሩ ገጽ ላይ የራስን ኔም ሰርቨር የመመዝገቢያ ክፍል ፈልጉና መጀመሪያ እዚያ «ኤንኤስ1»ንና «ኤንኤስ2»ን ከአይፒያቸው ጋር መዝግቡ፤ ከዚያ ብቻ ውክልናውን ቀይሩ። ወደፊት የኔም ሰርቨሩ አይፒ ሲቀየር ዞን ፋይሉንም ግሉውንም ማስተካከል አለባችሁ። አንዱ ብቻ ከተስተካከለ ዶሜይኑ አንዳንዱ ጋ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጋ አይሠራም።

ደረጃ 10፦ ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች ተከተሉ

«ዲግ ምሳሌ.ኮም +ትሬስ» ከሥር ሰርቨሮች ተነስቶ በ«.ኮም» በኩል እናንተ ጋ እስኪደርስ እያንዳንዱን እርምጃ ያሳያል። የት ላይ እንደሚቆም ተመልከቱ። «.ኮም» ላይ የድሮ ኔም ሰርቨሮች ካሉ ሬጅስትራሩ ለውጡን አላስተላለፈም። ወደ እናንተ ሰርቨር ደርሶ ከቆመ ችግሩ የእናንተ ነው።

ደረጃ 11፦ የኢሜይል ሰርቨር ካላችሁ ፒቲአር አስጠይቁ

ፒቲአር ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰው ሬኮርድ ነው። የሚቀመጠው በዶሜይናችሁ ዞን ውስጥ አይደለም፤ በአይፒው ባለቤት ዞን ውስጥ ነው። ስለዚህ አይፒውን ለሰጣችሁ ድርጅት «203.0.113.20ን ወደ ሜይል.ምሳሌ.ኮም አድርጉልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በሰርቨር መቆጣጠሪያ ገጻቸው ላይ ራሳችሁ እንድታስገቡ ያስችሏችኋል። ስሙና አይፒው እርስ በርስ ካልተመሳሰሉ ብዙ ተቀባይ ሰርቨሮች ኢሜይላችሁን ይጥሉታል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ተከታታይ ቁጥሩን ሳያሳድጉ መጫን። ዋናው ሰርቨር አዲሱን መልስ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ቁጥሩ ስላልጨመረ አሮጌውን ይይዛል። ጠያቂዎች ከሁለቱ ስለሚመርጡ መልሱ ይለዋወጣል። ፋይሉን በከፈታችሁ ቁጥር መጀመሪያ ቁጥሩን አሳድጉ፣ ከዚያ ሌላውን ንኩ።

በስህተት በጣም ትልቅ ቁጥር መጻፍ። ዝቅ ብታደርጉት ሁለተኛው ሰርቨር አይቀበለውም። ሁለተኛው በእጃችሁ ከሆነ አጭሩ መንገድ እሱ ላይ «አርኤንዲሲ ሪትራንስፈር ምሳሌ.ኮም» ማስኬድ ነው፤ ቁጥሩን ሳያወዳድር ዞኑን እንዳዲስ ያመጣል። በእጃችሁ ካልሆነ አሁን ባለው ቁጥር ላይ 2147483647 ደምሩ፤ ድምሩ ከ4294967295 ካለፈ 4294967296 ቀንሱ። ሁለተኛው ይህን እስኪወስድ ጠብቁ፤ ከዚያ ትክክለኛውን ቁጥር አስገቡ።

በውክልናው ውስጥ የማይመልስ ሰርቨር መተው። ከሁለት አንዱ ዞኑን ካልያዘ ከጥያቄዎቹ ገሚሶቹ እየዘገዩ ይመለሳሉ። ሰው «ገጹ ቀርፋፋ ነው» ይላል እንጂ ዲኤንኤስን አይጠረጥርም።

ኮከብ ምልክት (*) ሁሉን ይሸፍናል ብሎ ማመን። የሚሠራው ለሌሉ ስሞች ብቻ ነው። «ሜይል» የሚል ስም በአንድ ዓይነት ሬኮርድ እንኳ ካለ ኮከቡ ለእሱ አይመልስም።

የ«ዲግ»ን መልስ ማንበብ

«ኤንኤክስዶሜይን»፦ ስሙ የለም። የፊደል ስህተት፣ የነጥብ ስህተት፣ ወይም ገና በካሽ ያለ የቆየ «የለም»።
«ኖኤረር» ሆኖ መልሱ ባዶ ከሆነ፦ ስሙ አለ፣ የጠየቃችሁት ዓይነት ግን የለም።
«ሪፊውዝድ»፦ ሰርቨሩ ዞኑን አያውቀውም፣ ወይም እናንተን ከልክሏል።
«ሰርቭፌል»፦ ሪዞልቨሩ ሞክሮ አልቻለም። ኔም ሰርቨሮቹ አይመልሱም፣ ወይም የዲኤንኤስሴክ (መልሶችን በፊርማ የሚያረጋግጠው ዘዴ) ፊርማ አልተረጋገጠም።
ዝምታ፦ ፋየርዎል ወይም የተሳሳተ አይፒ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚሠራ ዶሜይን ስትቀይሩ

አይፒ ከመቀየራችሁ በፊት የዚያን ሬኮርድ ቲቲኤል ወደ 300 አውርዱና የድሮው ቲቲኤል ሙሉ ጊዜውን እስኪጨርስ ጠብቁ። የድሮው 86400 ከነበረ አንድ ቀን ነው። ከዚያ አይፒውን ቀይሩ፤ የድሮው ሰርቨር ወደ እሱ የሚመጣው ጉብኝት እስኪደርቅ ይሥራ። ቲቲኤሉን በዚያው ቅጽበት ማውረድ ጥቅም የለውም፤ ሌሎች ካሽ ውስጥ ያለው መልስ የድሮውን ዕድሜ ይዞ ነው የሄደው።

ኔም ሰርቨሮቹን ስትቀይሩ ደግሞ የውክልናው ቲቲኤል በእናንተ እጅ አይደለም። የ«.ኮም» ውክልና 172800 ሰከንድ፣ ሁለት ቀን ነው። ለእነዚህ ሁለት ቀናት አሮጌዎቹም አዲሶቹም ሰርቨሮች አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለባቸው። አሮጌውን አገልግሎት ቀድሞ መሰረዝ ዶሜይኑን ለአንዳንድ ሰዎች ያጠፋባችኋል።

ዶሜይኑ ዲኤንኤስሴክ ካለው ጥንቃቄው ይጨምራል። በበላዩ ዞን ያለው የዲኤስ ሬኮርድ የአሮጌዎቹን ሰርቨሮች ቁልፍ ይጠቁማል። ዲኤሱን ሳታነሱ ፊርማ ወደሌላቸው ወይም ሌላ ቁልፍ ወደያዙ ሰርቨሮች ብትዛወሩ ፊርማ የሚያረጋግጡ ሪዞልቨሮች በሙሉ «ሰርቭፌል» ይመልሳሉ፤ የማያረጋግጡት ግን ይሠራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ዲኤሱን ሬጅስትራሩ ጋ አንሱ። ከበላዩ ዞን መውጣቱን በ«ዲግ ምሳሌ.ኮም ዲኤስ» አረጋግጡና ቲቲኤሉን ጠብቁ፤ በ«.ኮም» አንድ ቀን ነው። ከዚያ ተዛወሩ፤ ሁሉም ሲረጋጋ አዲሱን ዲኤስ አስገቡ። አሁን «ሰርቭፌል» ገጥሟችሁ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ለማወቅ ያንኑ ጥያቄ «+ሲዲ» ጨምራችሁ ድገሙት። ያን ጊዜ መልስ ከመጣ ችግሩ ፊርማው ነው፤ ሬጅስትራሩ ጋ ያለውን ዲኤስ አንሱ ወይም አስተካክሉ።